ጋሽ ነጩና የውጭ አንባቢዎቹ

ጋሽ ነጩ የተባለው በመልኩ አይደለም፤ በመልኩ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ነበር የሚወጣለት። ስሙን ያተረፈው ከሚያወጣው ሸሚዝ ነው። ምን የመሰለ እድፍ ይዘውለት ይምጡ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ አድርጎ ያስረክባል። ላውንደሪው ከአንድ ረጅም ፎቅ ሥር ነው፣ ከደረጃው ጎን። ሲገቡ ባንኮኒ አለ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቁጥር ተሰፍቶበት የተሰቀለ ልብስ፣ ከልብሱ ኋላ ሁለት ማጠቢያ ማሽንና አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ። ከማሽኖቹ አንደኛው ሲጨምቅ እየዘለለ ከግድግዳው ስለሚሸሽ በየጊዜው እየገፉ ወደ ቦታው መመለስ ግድ ነው። ጠረጴዛውን ግን የሚያማው የለም። ጋሽ ነጩ ሱቁን ሲከፍት ራሱ ነው የሠራው፣ በራሱ ቁመት ለክቶ። ቁመቱን ደግሞ አትጠይቁኝ፤ አምፖል ለመቀየር ወንበር የማይፈልግ ሰው ነው።

ሚስቱ አጭር ናት። ይህን ፊት ለፊቷ ደፍሮ የተናገረ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ምላሷ ቁመቷን በእጥፍ ይበልጣል። ባንኮኒው የእሷ ግዛት ነበር። ደንበኛ ትቀበላለች፣ ኪስ ትፈትሻለች፣ ቁጥር ትሰፋለች። እሱ ያጥባል፣ ይተኩሳል። እንዲህ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይነካ በሰላም ሲኖሩ ኖሩ። ጣጣው የመጣው ጋሽ ነጩ ጸሐፊ ከሆነ በኋላ ነው።

ጸሐፊ ስላችሁ አትሳቁ። ላውንደሪ የሚመጣ ሰው ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፤ «ይለቃል?» እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ የፈነዳበት «ይለቃል?» ይላል፣ ዘይት የፈሰሰበትም «ይለቃል?» ይላል። አንዱማ ኮሌታው ላይ ሊፕስቲክ ይዞ መጣና ማንም ሳይጠይቀው «የእህቴ ነው» አለ። ሚስትየው ሸሚዙን ተቀብላ፣ «እህትህን ሰላም በልልኝ፣ ቀለሙ ጥሩ ነው» ብላ ቁጥር ሰፋችበት። ጋሽ ነጩ ደግሞ የጠየቀውን ሰው በቀላሉ አይለቅም። እጁን ከውሃ አውጥቶ ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳል፤ ሙቅ ውሃ ለምን ደምን ጨርቁ ላይ እንደሚያደርቀው፣ እድፍ ለምን ከጀርባው በኩል እንደሚታጠብ። ደንበኛው ሰዓቱን እያየ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ይህን ስታይ ያደገችው ልጃቸው ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ስትል፣ «አባዬ፣ ይህን ሁሉ ለአንድ ችኩል ሰው ከምትነግር ለምን አትጽፈውም?» አለችውና ስልኩ ላይ አንድ የጽሑፍ መድረክ ከፈተችለት። ያሰኘው ሰው የሚጽፍበት፣ የተነበበለት ደግሞ የሚከፈለው መድረክ ነው አለችው።

እሱም ያዘው። ሰው ጭንቅላቱ የሚሠራለት ሰዓት አለው፤ የጋሽ ነጩ ጠዋት ነው። ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ የሳሙናው በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በአንድ ጣቱ ስልኩን ይወቅጣል። ደግሞ ያምርለታል እኮ! ስለ እድፍ ሲጽፍ ስለ ጎረቤት የሚያወራ ነው የሚመስለው። «ዘይት አስመሳይ ነው፤ ሲታጠብ የሄደ ይመስላል፣ ካውያ ሲነካው ተመልሶ ይመጣል» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ መላውን ያስከትላል። እኔ ራሴ አንብቤ፣ ቆሻሻ ልብስ ሳይኖረኝ እስከ መጨረሻው ደርሻለሁ።

ችግሩ መድረኩ ላይ ነበር። የመድረኩ አባላት በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ያ መዋጮ አባላቱ ላነበቡላቸው ጸሐፊዎች ይከፋፈላል። ታዲያ አባላቱ እነማን ናቸው? ራሳቸው ጸሐፊዎቹ! ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም አንብቡኝ ይላል፣ ቁም ነገሩም «በመጻፍ እንዴት መክበር ይቻላል» ነው። ያልከበረ ሰው ይጽፈዋል፣ ያልከበረ ሰው ያነበዋል። እዚያ መሀል ስለ ዘይት እድፍ ማን ጉዳዬ ብሎ ያነባል? የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ሚስትየው ስልኩን ወስዳ አየችና፣ «ይህ እኮ ካልሲም አያሳጥብ። ምናልባት የአንዱን እግር» አለች።

ይህን ሁሉ ቀልድ ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ነገር ግን ጠዋት የላውንደሪ ጭንቅ ሰዓት ነው። ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ሸሚዙን ይዞ መሄድ ይፈልጋል፣ ሸሚዙ ደግሞ በራሱ አይተኮስም። ባልየው በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ እሷ ካውያውን አነሳች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እያለ ልማድ ሆነ፤ የጠዋቱ ተኩስ የእሷ ሆኖ ቀረ። እዚያ ለእሱ ቁመት በተሠራ ጠረጴዛ ላይ፣ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ ያንን ከባድ የእንፋሎት ካውያ ስትገፋ ቆየችና ቀኝ ትከሻዋን ያማት ጀመር። ማበጠሪያ ማንሳት እስኪያቅታት ድረስ አመማት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን፣ ካውያውን አቁማ። «እኔ ጽሑፍህን አልጠላሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲሆንብኝ ጊዜ ነው። ልጃችን ለእረፍት እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ጽሑፍህ ለጠዋት ብቻ አንዲት ተኳሽ የምትቀጠርበትን ካመጣ፣ ጻፍ፣ እኔም ወደ ባንኮኒዬ እመለሳለሁ። ካላመጣ ግን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ታስገባና ካውያህን ትይዛለህ። ትከሻዬ የመንግሥት አይደለም።»

«እሺ እሜቴ» አለ ጋሽ ነጩ። ሌላ ምን ይላል? እውነቷን ነው። ግን ሆዱ ባባ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያጥብ የኖረ ሰው፣ ከሁሉም ሰዓት የራሴ የሚለው ያቺን የጠዋት ሰዓት ብቻ ነበር።

እንዲህ ባለበት ሰሞን መድረኩ አዲስ ሕግ አወጣ። ጋሽ ነጩ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ስላልገባው ለልጁ ደወለላት።

«አባዬ፣ እስካሁን የሚቆጠርልህ አባል ያነበበው ብቻ ነበር» አለችው። «ከአሁን በኋላ ከውጭ የሚመጣውም ይቆጠርልሃል። አባል ያልሆነ፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ አንተ ጽሑፍ ላይ የሚያርፍ፣ ወይም ሰው በግሩፕ ሊንኩን ልኮለት የሚገባ። ገብቶ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ ይከፈልሃል።»

«ለምን? አባል ያልሆነ ሰው ምን ያደርግላቸዋል?»

«አዲስ ሰው ይፈልጋሉዋ! ባለሱቅ ለባለሱቅ ሲሸጥ ቢውል ገበያው አያድግም። መንገደኛውን ደጃፋቸው ድረስ ለሚያመጣላቸው ጽሑፍ ነው የሚከፍሉት። አንተ ደግሞ ከውጭ ሰው አለህ፤ ገጹን ክፈተውና እየው።»

ከፈተው። እንባ ቀረሽ ነገር ነው ያየው። አንባቢዎቹ ከየት እንደመጡ የሚያሳየው ገጽ ላይ የውስጡ መስመር መሬት ላይ ተኝቷል፣ የውጭው መስመር ግን ቀና ቀና ብሏል። ለካ እሱ ማንም አላነበበኝም ብሎ ሲያዝን፣ ልብሱ የተበላሸበት ሁሉ ኢንተርኔት ላይ «ይለቃል?» ብሎ እየጠየቀ እሱ ዘንድ ሲመጣ ኖሯል። አንዷ፣ «ሠርጌ ነገ ነው፣ ቀሚሴ ላይ ጭማቂ ደፉብኝ፣ እንዳሉት አደረግኩና ለቀቀ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጽፋለች። ጋሽ ነጩ ይህን ለሚስቱ አነበበላት።

«ደፊዋ አማቷ መሆን አለባት» አለች ሚስትየው፣ ካውያውን ሳታቆም።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ነፍስ ዘራ። ልብ ገዝቶ ሲጽፍ ደግሞ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ያማትር ጀመር። አንድ ጠዋት በርሜሉ ላይ ሆኖ ቀና ሲል የሚስቱን ትከሻ አየው፤ ካውያውን በገፋች ቁጥር ወደ ላይ ይሰቀላል። በክርን መገፋት ያለበትን በትከሻዋ ነው የምትገፋው። አንድን እድፍ ሲያይ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሳያይ ይህን ያህል ጊዜ መቆየቱ አሳፈረው። እሷ እናቷን ልትጠይቅ የሄደች ዕለት ከአናጢው ጎረቤቱ መጋዝ ተውሶ የጠረጴዛውን አራት እግር በሷ ክርን ልክ አሳጠረው።

ስትመለስ ዓይኗ አላለፈውም። «ይህን ጠረጴዛ ምን አደረግከው?»

«እግሩ በርጥበት በስብሶ ነበር፣ ቆረጥኩት» አላት።

እውነቱን ለምን አልነገራትም? ወንድ ልጅ እኮ እንዲህ ነው። «ለትከሻሽ ነው» ቢላት ሕመሙ በኔ ምክንያት ነው ብሎ ማመን ይሆናል፣ እሷም ያቺኑ ይዛ ጽሕፈቱን ታዘጋብኛለች ብሎ ፈራ። ደግሞም አፈረ። ለሚስቱ ሊናገር ያልቻለውን ግን በማግስቱ ጠዋት ጻፈው። «ትከሻዋን የሚያማት ተኳሽ ላላችሁ» ብሎ ርእስ ሰጠው፣ አወጣውም። እድፍ የሌለበት ጽሑፉ ይህ ብቻ ነው። ሚስትየው እንደሆነች ከጽሑፎቹ አንዱንም በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ጮክ ብሎ ካነበበላት በጆሮዋ ትሰማለች፣ ካላነበበላት የለም።

እዚህ ላይ ነው የሚስትየው ታላቅ ወንድም የሚገባው። ሻለቃ ነው የሚሉት። ውትድርና ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፣ ግን ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ያሰልፋል። ወሬው ጆሮው እንደደረሰ ላውንደሪው ድረስ መጣ።

«ከውጭ ሰው ከገባ ይከፍላሉ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ። ግን ማንበብ አለበት...»

«ግማሽ ደቂቃ?»

«ቢያንስ።»

«በቃ! እኛ ምን ሆነናል? ስንት ቤተሰብ ነው ያለው! እኛ የመድረኩ አባል ነን? አይደለንም። ውጭ ነን? ውጭ ነን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እሑድ እማማ ቤት።» ብሎ ሄደ። ጋሽ ነጩ ተከትሎ አልከለከለውም። ደግሞ ሐቁን እንነጋገር፣ ልቡ ትንሽ ጎምጅታለች። ልጅቷ የምትመጣበት ቀን ቀርቧል፣ የውጭው መስመር ቀና ቢልም ለአንዲት ተኳሽ ገና አይበቃም ብሎ ሰግቷል።

እሑድ አማቱ ቤት ሲደርሱ ሳሎኑ ጢም ብሏል። አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የታናሽ እህት ባል፣ ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ስልካቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ሁሉም የአማቱን ቤት ዋይፋይ ነው የሚጠቀሙት፤ ሻለቃ በገዛ እጁ የሚስጥር ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎላቸዋል። ሊንኩ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፣ ስለ ፈነዳው እስክሪብቶ የሚናገረው። ሻለቃ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«ግቡ!» አለ። ልብ አድርጉ፣ «አንብቡ» አላለም፤ «ግቡ» ነው ያለው። «... ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ውጡ! እንደገና ግቡ!»

ገቡ፣ ወጡ። ገቡ፣ ወጡ። አንዱ ስልኩን ይዞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ሌላዋ ከጎኗ ካለችው ጋር ስለ ጫማ ታወራለች። ስልክ ለሌላቸው ተውሰው ሰጧቸው። ጋሽ ነጩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ላብ ያጠምቀዋል። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እሑዳቸውን ለሱ ብለው ሰጥተዋል፣ ምን ብሎ ያስቁማቸው? ሚስትየው እናቷን ጓዳ ስትረዳ ትልቁን የውሃ ጀሪካን በቀኝ እጇ አንጠልጥላ አለፈች፤ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል ልብ ያላት ሰው የለም።

ያነበቡት አማቱ ብቻ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ሻለቃ «ውጡ!» ባለ ቁጥር «ቆይ እስቲ፣ አልጨረስኩም» እያሉ። ሻለቃ ደግሞ በየዙሩ ስልኩን ይነጥቅና ከመጀመሪያው ይከፍትላቸዋል። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ይህ ሰውዬ ግን ስንት ጊዜ ነው ቀለም የሚፈስበት? ብዕሩን ለምን አይከድንም?» አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብዙም ሳይቆይ መድረኩ መልእክት ላከ። «ከአንድ መስመር የመጡ፣ ከተለመደው የአነባበብ ጠባይ ውጭ የሆኑ በርካታ ንባቦችን አግኝተናል። ክፍያዎ እስኪጣራ ታግዷል። ማብራሪያ ካለዎት ያቅርቡ» ይላል። ጋሽ ነጩ ክው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ኪስ ውስጥ የተረሳ ሳንቲም ሳይቀር ለባለቤቱ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ አጭበርባሪ ሊባል! ሻለቃ ጉዱን ሲሰማ ጭራሽ ተናደደ። «እኛ የታወቅን ቤተሰብ ነን ብለህ ጻፍላቸው! አንድ ቤት ውስጥ መሰብሰብ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?»

«ተወኝ ጋሼ» አለ ጋሽ ነጩ። በርሜሉ ላይ ተቀመጠና የራሱን ጻፈ። «እነዚህ ሰዎች የባለቤቴ ዘመዶች ናቸው። እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ ንባባቸው ግን እውነተኛ አይደለም። እኔን ለመርዳት ነው የገቡት፣ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። የነሱን አውጡት። ከዚያ የሚተርፍ ካለ የኔ እሱ ነው።» ላከው። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ሚስቱን፣ «ካውያውን ስጪኝ» አላት።

«ልጅቷ እኮ ገና አልመጣችም» አለች እሷ።

«ምን ልጠብቅ? አለቀ።»

ትከሻዋ ነፃ ወጣ፤ ደስ ሊላት ሲገባ ግን አላላትም። ያ ሲጽፍ ብቻውን ፈገግ የሚል፣ ድንገት «እስቲ ይህችን ስሚ» የሚል ሰው አሁን ጭጭ ብሎ ይተኩሳል። ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ጠረጴዛው እኮ አሁን የእሱ አይደለም፤ ተቆርጧል። ያ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ሸሚዝ ሲገፋ ይውልና፣ ማንም የማያየው ሲመስለው ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ይቃናል። እሷ ከባንኮኒው ኋላ ሆና በተሰቀለው ልብስ መሀል ታየዋለች። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» ይላል። እንዲህ ሲተያዩ ልጅቷ መጣች።

ልጅቷ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ነገሩን ሁሉ ሰማች፣ በሻለቃና በአያቷ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ከመሳቢያው አውጥታ ከፈተችው። መልስ መጥቶ ኖሯል።

«ይቅር ብለውሃል» አለች። «ሁለተኛ እንዳይደገም ብለው አስጠንቅቀው አልፈውታል። የእሑዱን ሁሉ አውጥተውታል፣ የቀረውን...» ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። «አባዬ፣ የቀረው እኮ ብዙ ነው። ለጠዋት ተኳሽ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ደግሞ አብዛኛው የመጣው ለአንድ ጽሑፍ ነው። ሆቴል ውስጥ የሚተኩሱ ሴቶች በየግሩፓቸው ሊንኩን ሲቀባበሉት ነው የሰነበቱት፣ ልብስ ሰፊዎችም አሉበት። ‹ትከሻዋን የሚያማት ተኳሽ ላላችሁ› ይላል ርእሱ።»

ጋሽ ነጩ ካውያውን ይዞ ደረቀ።

«ማን ናት እሷ?» አለች ሚስትየው ከባንኮኒው።

«እንጃ፣ ላንብብልሽ» አለች ልጅቷ፣ ነገሩ እየገባት፣ ፈገግታዋን እየዋጠች። አነበበች። «ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ቆማ ስትተኩስ ነው። እሷ የምትቆመው እኔ እንድቀመጥ ነው። የመተኮሻውን ጠረጴዛ በራሴ ቁመት ስሠራው አንድ ቀን እሷ ትቆምበታለች ብዬ አላሰብኩም። ትከሻዋን ሲያማት እርጅና ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንዲያ ማለት ይቀለኛል። ዛሬ ግን ቀና ብዬ አየሁ። ተኳሽ ያላችሁ ሰዎች፣ ሠራተኛም ትሁን ሚስት፣ ቀና ብላችሁ እዩ። ካውያ ስትይዝ ክርኗ ጎኗ ላይ ካላረፈ ጠረጴዛው ረጅም ነው። መጋዝ ተዋሱ።» ከዚያ አለካኩና አቆራረጡ ይቀጥላል። ልጅቷ ያንን አላነበበችም፤ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ሚስትየው ከባንኮኒው ወጥታ መጣች። ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን እግር አየች፣ የተቆረጠበትን በጣቷ ዳሰሰችው። ጤነኛ፣ ደረቅ እንጨት ነው።

«በስብሶ ነው ያልከኝ ይሄ ነው?»

«እህ... ትንሽ...»

«የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት አንተ ነህ!» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አገር ምድሩ ትከሻዬን ሲያውቅ እኔ ስለ በሰበሰ እንጨት ነው የሰማሁት። ለማታውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል እያለህ ለኔ አንዲት ቃል ታጣ?»

«ጽሕፈቱን ታስተዪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። አፍሬም ነው።»

ወደተሰቀለው ልብስ ሄደች። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ ከላይኛው ብረት ላይ አንድ ከባድ ካፖርት አወረደችና መልሳ ሰቀለችው። ፊቷ እንኳን አልተቋጠረም።

«ድኗል» አለ ጋሽ ነጩ በድንጋጤ።

«ከዳነ ቆየ።»

«መቼ?»

«ጠረጴዛው ካጠረ ብዙም አልቆየ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለችና አቀረቀረች። «ዳነ ብልህ ምን ይዤ እከራከርሃለሁ? እስክትተወው ድረስ ያመኛል ብዬ ነበር። ስትተወው ደግሞ... ሱቁ ጭር አለብኝ።»

ልጅቷ በሁለቱም ሳቀች፣ ከዚያ እነሱም ሳቁ። ሲረጋጉ ልጅቷ ስለ ጠዋቷ ተኳሽ አነሳች። ከፎቁ መግቢያ አጠገብ ሥራ የምትፈልግ ልጅ አለች፣ እሷን እናናግራት ስትል እናትየው እጇን አወናጨፈች። «ማንን ነው የምታመጡት? ይህ ጠረጴዛ በኔ ክርን ተለክቶ የተቆረጠ ነው፣ ሌላ ሰው አይቆምበትም። በገንዘቡ ያንን የሚዘል ማሽን አሠሩልኝ። አንተ ና፣ ካውያዬን አምጣ፣ በርሜልህ ላይ ተቀመጥ።» ካውያውን ተቀበለችው። «አንድ ነገር ግን አለ። ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፈውን ለውጭ ሰው ከመልቀቅህ በፊት እዚህ ሆነህ ታነብልኛለህ። ቀድሞ የሚሰማ የቤት ሰው ነው።»

ጋሽ ነጩ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አደረገ። ደስታው አላስጀምር አለው።

«ምን ልጻፍ?»

«ስለ ወገብህ ጻፋ! ይዘኸው ስታቃስት የማላይ መሰለህ? ረጅም ሰው አጭር ጠረጴዛ ላይ ሲተኩስ ምን እንደሚደርስበት ጻፍ። ስንት ወገቡን የሚያመው አለ፣ ከውጭ ይጎርፍልሃል።»

ጣቱ መሄድ ጀመረች። ሸሚዝ ተተኩሶ ተሰቀለ፣ ሌላ ተዘረጋ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና እንደታዘዘው ጮክ ብሎ አነበበ። «ባለቤቴ አጭር ናት።»

ካውያው ቆመ። ልጅቷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ማሽኖቹ ዞራ የማይዘለውን ማሽን ትገፋ ጀመር።

«እሷን አውጣት» አለች ሚስትየው። «ከዚያ ቀጥል።»

አወጣት፣ ቀጠለም። እኔ እንደሆንኩ አጭር መሆኗን ገና ከጅምሩ ነግሬያችኋለሁ፤ እባካችሁ ከእናንተ አይለፍ።